ታቿን ሳታዪ እንዳትከፍዪ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሚሚ፤

እንኳን ለ31ኛ ዓመትሽ አደረሰሽ። እኛ ደህና ነን። ድሬ እንደምታውቂያት ናት፤ ቀን ታቃጥላለች፣ ማታ ከተራራው በኩል ዝናብ ይመጣል።

ይህን የምጽፈው ግን ለልደትሽ ብቻ አይደለም። አክስትሽ ከጎተንበርግ ደውላ «ሚሚ ቤቷን ለቃ ጀልባ ላይ ልትኖር ነው» አለች። እናትሽ ስልኩን እንደያዘች ቀረች። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት ደቻቱ ያደረገውን እሷም አንቺም አትረሱትም። 12 ዓመት ሊሞላሽ ቀናት ሲቀሩሽ ነበር። ደረቅ አሸዋ የነበረው ወንዝ ከ200 በላይ ሰው ይዞ ሄደ። ታዲያ ልጅሽ ውሃ ላይ ልትተኛ ነው ሲሏት ምን ትበል? እሷን እኔ አረጋጋታለሁ። አንቺ ግን አንድ ነገር አድርጊልኝ። ታቿን ሳታዪ እንዳትከፍዪ።

ከሁለት አንዷን ልገዛ ብለሽ የላክሽልኝን የጀልባዎቹን ፎቶ ከጎረቤት ልጅ ጋር በስልክ እያሰፋን አየን። ስለ ባሕር ብዙ አላውቅም። ስለ ብረትና ስለ ዝገት ግን ሸማንደፈር ወርክሾፕ ውስጥ ነው ያረጀሁት።

ትንሿ፣ አልቢን ቬጋ ያልሽኝ፣ በፈረንጅ 1974 የተሠራች የዚያው የስዊድን ልጅ ናት። 8 ሜትር ከ25፣ ክብደቷ 2.3 ቶን። ትልቋ የጀርመኗ ባቫሪያ 38 ናት፤ የፈረንጅ 2003 ሥራ፣ 12 ሜትር ልትሞላ ትንሽ የቀራት። በርዝመት የምትበልጣት በሦስት ሜትር ተኩል ገደማ ነው፤ በክብደት ግን ሦስት እጥፍ ትጠጋለች። ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። ጀልባ ስትረዝም ትሰፋለች፣ ትጠልቃለችም። ሸራው ይከብዳል፣ ገመዱ ይወፍራል፣ የማቆሚያው ኪራይና የክሬኑ ዋጋ ይጨምራል። መግዣውን ብቻ ቆጥረሽ «ደረስኩበት» እንዳትዪ።

ዋናው ልዩነት ግን ከሥር ነው። እንዳትገለበጥ ከታች የሚወርደው ክብደት፣ ኪል የምትሉት፣ የትንሿ ከገላዋ ጋር አንድ ነው። ብረቱ ፋይበር ግላሱ ውስጥ ተቀብሯል። የትልቋ በቡሎን የታሰረ ነው። አብዛኛው የዛሬ ጀልባ እንዲህ ስለሆነ በዚህ ብቻ አልከሳትም። ድንጋይ ነክታ ታውቅ እንደሆነ ግን አጥብቀሽ ጠይቂ። በፈረንጅ 2014 ቺኪ ራፊኪ የምትባል ጀልባ አትላንቲክ መሃል ኪሏ ተገንጥሎ አራት እንግሊዛውያን ጠፍተዋል። ከዚያ በፊት ታቿ መሬት ነክቶ ያውቅ ነበር አሉ። ይህን ያነበበልኝ የጎረቤቱ ልጅ ነው። ለእናትሽ አልነገርናትም።

የትልቋ ሞተር ደግሞ እግሩን በወለሏ አሳልፎ ውሃ ውስጥ ነው የሚሰደው። እዚያ ቀዳዳ ላይ ባሕሩን የሚከለክለው አንድ ጎማ ነው። አንድ ጎማ! የሞተሩ ሠሪ ቮልቮ ፔንታ በየ7 ዓመቱ ይቀየር ይላል። ደረሰኙን ጠይቂ። «ተቀይሯል» የሚል አፍ ደረሰኝ አይሆንም።

ትንሿም እንከን አላት። ሸራውን የሚይዘው ምሰሶዋ የቆመው ጣሪያዋ ላይ ነው። ደጋፊው በ50 ዓመት ውስጥ ጎብጦ ይሆናል፤ ውስጥ ገብተሽ ወደ ላይ እዪ። የፕላስቲክ መዶሻም ያዢ። እኛ ባቡር ሲቆም እግሩን በመዶሻ እየመታን እናልፍ ነበር። ደህናው ይጮኻል፣ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። አንቺም የላይኛውን ወለል መታ መታ አድርጊ። የታፈነ ድምፅ ከሰማሽ ውስጡ ውሃ ሳይጠጣ አይቀርም።

አቦ፣ ሽማግሌ ለፈለፈ ትያለሽ። ፔጆዋን ታስታውሻለሽ? አታስታውሽም፣ የአራት ወር ልጅ ነበርሽ። 404፣ ነጭ፣ ከጅቡቲ የገባች። ቀለሟ እንደ መስታወት ፊት ያሳይ ነበር። ሻጩ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው ብሎ አጣደፈኝ። መሸ፤ እኔም ልብሴ ነጭ ነበር፣ ተንበርክኬ ከሥሯ መግባት አፈርኩ። የወርክሾፕ ሰው! የእናትሽ አምባር ተሽጦ የተገዛች መኪና ናት። እናትሽ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ታቿን አይተሃል?» አዎ አልኳት።

ታኅሣሥ 1987 ለቁልቢ ገብርኤል ተሳፈርን። አያትሽ የስለት ጧፋቸውን ይዘው ከኋላ፣ አንቺ እናትሽ ጭን ላይ። ድንገጎ ዳገት ላይ የኋላውን የሚይዘው ብረት ከነዝገቱ ተቀዶ ወጣ። የጅቡቲ ጨው ከታች ሲበላት ኖሯል። ወደ ገደሉ ሁለት ክንድ ያህል ሲቀረን ቆመች። አያትሽ ወርደው እንደ ምንም በእግራቸው መውጣት ጀመሩ። እናትሽ አንቺን አቅፋ አንድ ቃል አልተናገረችም። እስከ ዛሬ «መንገዱ ነው የሰበራት» ትላለች። እኔም ዝም እላለሁ። 31 ዓመት ሊሆነው ነው።

አሁን ስሚኝ። ጥቅምት ላይ እዚያ ጀልባ ሁሉ ከውሃ ይወጣል ብለሽኛል። ታዲያ ምን ያስቸኩልሻል? ጠብቂ። ወይ ሻጩ በክሬን ያውጣልሽ፣ ክፍያው ካንቺም ቢሆን። የራስሽን መርማሪ ያዢ፣ ሻጩ የሚያመጣውን አይደለም። ሌላ ገዢ አለ ካለሽ «ይግዛ» በዪው። ታቿን ሳታዪ አምስት ሳንቲም እንዳትከፍዪ።

እኔን ከጠየቅሽ ትንሿን። ለመኖር ትልቋ ትመቻለች፣ አልክድም፤ በክረምት 8 ሜትር ውስጥ ሁለት ሰው መጨናነቁ አይቀርም። ግን የትንሿን አንቺው በእጅሽ ትጠግኛለሽ። እጅሽ የኔ ነው፣ አውቀዋለሁ።

በርበሬና ቆሎ ሐሙስ በሚነሳ ሰው ልከንልሻል። ቆሎውን ከእርጥበት ጠብቂው። ጀልባ ላይ ስትወጪ የዋና ጃኬቱን አታውልቂ፣ ወደብ ላይም ቢሆን።

ደብዳቤው ሲደርስሽ ደውዪ። ስለ ፔጆዋ ግን እንዳታነሺ፤ እናትሽ ስልኩን ስፒከር ላይ ነው የምታደርገው።

አባትሽ፣ ከድሬዳዋ