ለፍትህ ሚኒስቴር፦ የውርስ አጣሪ ወረቀት ይዘን ስንመጣ የሚቀበለን ይኑር

ለተከበራችሁ የፍትህ ሚኒስቴር ኃላፊዎች

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ይሄን የምጽፍላችሁ የአባቴን ውርስ እያጣራሁ ነው፣ አባቴ ካረፈ አመት ከአራት ወር ሆኖታል እኔ ግን ገና አልጨረስኩም። ኑዛዜ ትቶልን ነው የሄደው፣ አራት ምስክሮች ፊት ተነቦ የተፈረመ፣ ውርስ አጣሪም (ንብረቱን ጠብቆ፣ እዳውን ከፍሎ ለወራሾቹ የሚያደርሰው ሰው) እኔ እንድሆን ስሜን ጠቅሶ። ከልጆቹ እኔን የመረጠው አዲስ አበባ የቀረሁት እኔ ስለሆንኩ ይመስለኛል፣ እህቴ ቤይሩት ናት ወንድሜ ደግሞ ዋሽንግተን። አርባው ካለፈ በኋላ ኑዛዜውን ከፍተን አነበብነው፣ ማንም አልተቃወመም፣ ፍርድ ቤትም አጸደቀልን፣ እኔም ከባዱ ነገር አለፈ ብዬ እግዜርን አመሰገንኩ።

ከዛ ባንክ ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ሰራተኞቹም ክፉ ሰዎች አልነበሩም። ውርስ አጣሪ መሆኔን የሚገልጸውን ውሳኔ ሳሳያት ልጅቷ ቁጭ አድርጋኝ በደንብ አነበበችውና "ወራሾቹስ? የወራሽነት ማስረጃ ነው የሚያስፈልገው" አለችኝ። ብር ላወጣ አልመጣሁም፣ ሂሳቡ ላይ ስንት እንዳለ የሚገልጽ ደብዳቤ ብቻ ስጡኝ፣ ንብረቱን መዝግቤ ማቅረብ አለብኝ ብላት ማናጀሩን ጠራችው፣ እሱም ያው መልስ። የወራሽነት ማስረጃውን አውጥቼ ስመለስ ደግሞ "ወራሾች ሁሉም በአካል ይቅረቡ ወይ ውክልና ያምጡ" ተባልኩ። ሌላ ቢሮ የቤቱን ካርታ ላሳግድ ስሄድ (ማንም ሳይሸጠው እንዲቆይ ብዬ ነው፣ ለጥበቃ) ውርስ አጣሪ ሲባል ሰምቶ እንደማያውቅ የነገረኝ ባለሙያ አለ።

የፍትሐ ብሔር ህጋችን የወጣው እኮ በ1952 ነው። አንቀጽ 956 የውርስ አጣሪን ስራ ቁጭ አድርጎታል፣ ኑዛዜ መኖር አለመኖሩን ይፈልጋል፣ ወራሾቹን ይለያል፣ ንብረቱን ያስተዳድራል፣ የደረሰ እዳ ይከፍላል፣ በኑዛዜ የተሰጠውን ለባለቤቱ ያደርሳል። የወራሽነት ምስክር ወረቀት ሌላ ነው፣ እሱ አንቀጽ 996 ላይ ነው ያለው፣ አንድ ሰው ወራሽ መሆኑንና ድርሻውን ነው የሚያሳየው። ማጣራቱ ሳያልቅ ውርሱ ራሱን የቻለ የተለየ ንብረት ነው፣ የወራሾቹ የግል ብር አይደለም፣ ለዛ ነው ጠባቂ የሚያስፈልገው። ቆጣሪው ጋ ስንደርስ ግን ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ተደርገው ይታያሉ እና ጠባቂው ስልጣን የሌለው ሰው ይሆናል። ግቢያችን ያለው የሰርቪስ ተከራይ "ኪራዩን ለማን ልክፈል?" ሲለኝ የምመልስለት አጥቼ አውቃለሁ።

አንቀጽ 1014 ደግሞ ከውርሱ ሀብት መጀመሪያ የሚከፈለው የቀብር ወጪ ነው ይላል፣ ከዛ የማጣራቱ ወጪ፣ ከዛ የሟች እዳ። እኛ ቤት ድንኳኑንም ወንበሩንም የቻለው እድር ነው፣ ሌላውን እኔና ወንድሜ ተበድረን፣ የአባቴ ብር ግን እዛው ተዘግቶ ተቀምጧል። ብሩ መታገዱን አልቃወምም፣ መታገዱ ጥሩ ነው፣ ግን በህጉ መሰረት ከፍቶ የሚከፍለውን ሰውም አብራችሁ ካላወቃችሁት እገዳው ማንን ይጠብቃል?

ልቤን የሰበረው ይሄ አይደለም። አንድ ቀን ወረፋ ይዤ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ነገሬን ሰምተው "ልጄ፣ ውክልና አልነበረሽም? መሞቱን ሳትናገሪ አውጥተሽ ጨርሰሽ አትመጪም ነበር?" አሉኝ። አዝነውልኝ ነው ያሉት። ውክልና ነበረኝ፣ ግን ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ይቀራል፣ ይሄን እያወቅኩ በአባቴ ስም ፈርሜ ብር ባወጣ ቤይሩት ያለችው እህቴ በምን ታምነኛለች? ሞትን በ30 ቀን ውስጥ አስመዝግቡ ይለናል አዋጁ፣ እኔም ቤቱ በለቅሶ ሰው ተሞልቶ እያለ ሄጄ አስመዘገብኩ፣ ያስመዘገበ ሰው አመት ሙሉ ሲንከራተት ያየ ጎረቤት ግን ነገ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። ተደብቆ የወጣ ብር መጨረሻው ወንድምና እህት ፍርድ ቤት ሲቆሙ ነው፣ በሰፈራችን አይቻለሁ።

የስሙን ጉዳይ ልንገራችሁ ደግሞ። አባቴ ስም ውስጥ አንድ "ፀ" አለች። የባንክ ደብተሩ ላይ በ"ፀ" ነው፣ የሞት ምዝገባው ላይ በ"ጸ"፣ ካርታው ላይ ደግሞ የአያቴ ስም አጥሮ ነው የተጻፈው። ሁለቱ ስም የአንድ ሰው መሆኑን ምስክር አቁመሽ አስወስኚ ተባልኩ፣ ይሄ ብቻውን ሁለት ወር በላ። ፀ እና ጸ፣ ሀ እና ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ አንድ ድምጽ መሆናቸውን ፊደል የቆጠረ ሁሉ ያውቃል፣ የአባት ስም፣ እድሜና ፎቶ እየገጠመ ለአንድ ፊደል ሰው ባይመላለስ ምናለ።

የምጠይቃችሁ አዲስ ህግ አይደለም። ከሚመለከታቸው ጋር ተነጋግራችሁ አጭር መመሪያ አውጡልን፣ በፍርድ ቤት የጸደቀለት ወይም የተሾመ ውርስ አጣሪ ስለ ሟች ንብረት መረጃ መጠየቅና ማሳገድ እንደሚችል፣ የቀብር ወጪ ደግሞ በደረሰኝ ተረጋግጦ እንዲለቀቅ። የሚያስፈልገው ሰነድ ዝርዝርም በየቢሮው አንድ አይነት ይሁንና የሞት ምስክር ወረቀቱን ስንወስድ አብሮ ይሰጠን፣ ውጭ አገር ያለ ወራሽ ውክልናውን ኤምባሲ ሄዶ ሲያሰራ ምን ምን እንደሚጻፍበት ጭምር። እህቴ ውክልናዋ "ስለ ባንክ በግልጽ አይልም" ተብሎ ሁለተኛ አሰርታለች፣ አሰሪዋ ፈቃድ እስክትሰጣት ሶስት ወር ጠብቃ።

ሌላው የሚስት ጉዳይ ነው። በህጋችን ሚስት ያለ ኑዛዜ የባሏ ወራሽ አይደለችም፣ የጋራ ንብረቱ ግማሽ ግን የሷ ነው፣ ውርስም አይደለም፣ በፊትም የሷ ነበር። የጡረታ አበሉም የውርሱ አካል አይደለም፣ እናቴ ግን ይሄን የሚነግራት ስላልነበረ ውርሱ እስኪያልቅ ይጠበቃል ብላ ወራት ሳትጠይቅ ቆየች። መመሪያው ላይ ይሄም በቀላል አማርኛ ይጻፍልን።

የወላጆቼ ቁጠባ በአባቴ ስም ነው የነበረው፣ ግማሹ የእናቴ ነው፣ እስከ ዛሬም አልተለቀቀላትም። የደም ግፊት መድሃኒቷን ወንድሜ ከሚልከው ነው የምንገዛው።

ከአክብሮት ጋር
የአባቷን ውርስ የምታጣራ ልጅ፣ አዲስ አበባ