የዘር ድንች ማከማቻችን ጣሪያ አጥቷል፤ የድጋፍ ጥሪ ከመቂ

ወገኖቻችን፣ እኛ በመቂ የድንች ዘር የምናቆይ ማኅበር አባላት እንደገና እጃችንን ዘረጋን። ምን እናድርግ፣ የግንቦቱ ነፋስ የማከማቻውን ቆርቆሮ ከነማገሩ ገንጥሎ ጣለው። በማግስቱ የወረደው ዝናብ መደርደሪያ ላይ የነበረውን ዘር አረጠበው፣ ብዙው በሰበሰ። የተረፈው በየአባሉ ጓዳ ተበትኗል፤ ጨለማ ውስጥ ደግሞ ቡቃያው ነጭ ሆኖ ይረዝምና ሲነኩት ይሰበራል። ለዚህ ነው የምንቻኮለው።

«ዘር ነው እኮ፣ ይገዛል» ያላችሁን አላችሁ። ጤፍ ቢሆን እሺ፣ ለሄክታር 25 ኪሎ ገደማ ይበቃዋል። ድንች ግን 20 ኩንታል ያህል ይፈልጋል። ደግሞም ይሄ ከሆለታ ግብርና ምርምር ማዕከል የወጡትን የድንች ዝርያዎች፣ ጉደኔን፣ በለጠንና ጃለኔን፣ ከአካባቢው ዘር ጋር ጨው በወጣበት መሬታችን ላይ ተክለን፣ ውሃ እየቆጠብን፣ ችለው ከቆሙት እግሮች እየለቀምን ያቆየነው ነው። ገበያ ወጥተን አናገኘውም።

ያዋጣችሁት ገንዘብ የት ገባ ለሚለውም መልስ አለን፤ ሐሜቱን ሰምተናል። ትልቁ ወጪ የጠብታ መስኖ ቧንቧ ነው። በቦይ ስናጠጣ ጨዉ ወደ መደቡ አናት ይወጣል፣ ድንቹ ያለው እዚያው ነው። ጠብታው ግን ጨዉን ከሥሩ ራቅ ያደርገዋል። ቀሪው ለአፈርና ለጉድጓድ ውሃ ምርመራ ወጣ። ይሄ ቅንጦት አይደለም፤ የአፈር ጨው በመለኪያው 1.7 ዴሲሲመንስ በሜትር (የጨው መጠን የሚለካበት አሃድ ነው) ካለፈ ድንች ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፣ ከዚያ በላይ አንድ በጨመረ ቁጥር 12 በመቶ ገደማ ይጎድላል። ሳይለኩ መትከል ብር መቅበር ነው። ደረሰኙ ሁሉ ጽሕፈት ቤት አለ፣ መጥታችሁ እዩ። ኮሚቴው አበል በልቶ አያውቅም፣ ሻይ እንኳ ከኪሳችን ነው።

አሁን የጎደለን ቆርቆሮ፣ ማገርና የአናጢ ዋጋ ነው። ጉልበቱ ከኛ። አሜሪካም ዱባይም ያላችሁ የመቂ ልጆች፣ ቤተሰቦቻችሁ ከዚሁ መሬት ነው የሚበሉት። ምጽዋትም በሉት ሰደቃ፣ ከፈጣሪ ዘንድ አይጠፋባችሁም። ጥቅምት ተከላ ነው፣ ከዚያ በፊት ይድረስልን።

ገንዘቡ የሚገባው በማኅበሩ ስም በተከፈተው የንግድ ባንክ ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ማኅተም ባለበት ደብዳቤ ላይ አለ። በቴሌብር ለግለሰብ አትላኩ፣ ኮሚቴ ነኝ ቢላችሁም አትላኩ። ስታስገቡ ስማችሁን ጻፉ፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስታችሁ ለገንዘብ ያዡ ላኩ። ደግመን እንላለን፦ በማኅበሩ ስም፣ በንግድ ባንክ፣ በደብዳቤው ላይ ባለው ቁጥር ብቻ።