እማዬ፣ በሩን እንዳይጥሉብኝ

እማዬ፣ እንዴት ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። የምታነብልሽ እህቴ ናትና ቀስ እያለች ታንብበው።

ትናንት ማታ ከሥራ ስወጣ አንድ መጠጥ ቤት ገባሁ። እዚሁ ስፔን፣ ሴቪያ፣ አሮጌው ከተማ ውስጥ፣ ሳንታ ካታሊና ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ኤል ሪንኮንሲዮ ይባላል። የተከፈተው በፈረንጆች 1670 ነው አሉኝ። አስቢው እስቲ፣ እኛ ጋ ጻድቁ ዮሐንስ ጎንደር ላይ ነግሠው ሳለ፣ የፋሲል ግንብም ገና አዲስ በነበረበት ዘመን ማለት ነው።

ሰዉ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ፣ ቆሞ ነው የሚጠጣው። ሽማግሌው ከጎረምሳው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ ያወራል፣ ማንም አይቸኩልም። ከመጠጡ ጋር በትንሽ ሳህን የሚቀርበውን ምግብ ታፓስ ይሉታል። መክደኛ ማለት ነው። ድሮ ዝንብ እንዳይገባበት ብርጭቆው አፍ ላይ ቁራሽ ዳቦ ያደርጉ ነበር ይባላል። ከላይ የአሳማ እግር ተደርድሮ ተሰቅሏል፣ እሱን አልነካሁም፣ አታስቢ። ያዘዝኩት ስፒናች በሽምብራ ነው። ነጭ ሽንኩርት፣ ከሙንና የወይራ ዘይት አለበት። እነሱም ከፋሲካ በፊት በጾማቸው ይበሉታል። እንጀራ ቢኖር ኖሮ ያንቺ እጅ ነው እል ነበር።

የጻፍኩልሽ ግን ለምግቡ አይደለም። ሂሳብ ስል አስተናጋጁ ወረቀት አላመጣም። ጠመኔ አወጣና እፊቴ፣ ባንኮኒው እንጨት ላይ ጽፎ ደመረው። ከፈልኩ። በጨርቅ ጠረገው። እማዬ፣ እንባዬ መጣ። የታየኝ የጠጅ ቤታችን በር ጀርባ ነው፣ አንቺ በከሰል የምታሰምሪበት። ለአናጢው ክብ፣ ለወታደሩ መስቀል፣ ለመምህሩ ሁለት ነጥብ፣ ከጎኑ ደግሞ በዱቤ የጠጡት ብርሌ ያህል ጭረት። ፊደል ሳትቆጥሪ አንድም ቀን ሂሳብ ተሳስተሽ አታውቂም።

አሁን የምለውን ደግማ ታንብብልሽ። ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ ትምህርት ቤት ፎርም ሰጡን። ልጆቹ «የጠጅ ቤት ልጅ» እያሉ ይሰድቡኝ ነበርና የእናት ሥራ የሚለው ላይ «የቤት እመቤት» ብዬ ጻፍኩ። ማታ አመጣሁልሽ። አንቺ ጋኑን ስታጥቢ ነበር፣ እጅሽን በነጠላሽ ጠርገሽ በአውራ ጣትሽ ፈረምሽበት። ምን እንደሚል አልጠየቅሽኝም። ያ ጠጅ ነው ያስተማረኝ፣ እዚህም ያደረሰኝ። እኔ ግን ደበቅኩት። እዚህ ያለውን ቤት ከፈረንጆቹ 1858 ጀምሮ አንድ ቤተሰብ ነው የያዘው፣ ልጅ ከአባት እየተረከበ፣ ያውም በኩራት። ይቅር በይኝ እማዬ።

ባለፈው ወንድሜ በሩን አንስቶ የብረት ሊያስገባ ነው ስትይኝ ጥሩ ነው አልኩሽ። ጥሩ አይደለም። ብረቱን ያስገባ፣ እንጨቱን ግን ጓዳ አስቀምጡልኝ። ከሰሉን ደግሞ ማንም በውሃ እንዳይነካብኝ። ለጥምቀት ስመጣ በሩ አጠገብ ቁጭ ብለን የቱ ምልክት የማን እንደሆነ አንድ በአንድ ትነግሪኛለሽ፣ እኔም እጽፈዋለሁ።

ልጅሽ