ለቅዳሜው ምሽት ስለ አለባበሳችን

ጤና ይስጥልን የሙዚቃ ሸክላ ወዳጆች!

ቅዳሜ ማታ እዚሁ ደሴ ፒያሳ ስንገናኝ ያለ ቤልቦተም (ከጉልበት በታች የሚሰፋው የድሮ ሱሪ) የመጣ ሰው የሁላችንንም ሻይ ይከፍላል። ቀልዴን አይደለም።

የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1969 እ.ኤ.አ. ሸክላ ማሳተም ሲጀምር የአዲስ አበባ ወጣት በሶል ሙዚቃ አብዶ ነበር። አፍሮው፣ ሚኒው፣ ኮሌታው የሰፋው ሸሚዝ የዚያ ዘመን ነው። ሱሪው እስከ ጉልበት ጥብቅ ይልና ከዚያ ወደ ታች ይሰፋል። ጉልበቱን አደራ! እኔ በደንብ ሳልነግረው ልብስ ሰፊው ከጭኔ ጀምሮ አሰፋልኝ፤ ቀሚስ ለብሼ ዋልኩ በሉት።

አዲስ ማሰፋት የግድ አይደለም። ሰኞ ገበያ ወረድ ብላችሁ ከሰልባጁ ቀጥ ያለ ሱሪ ፈልጉ። ከጉልበት በታች የጎኑን ስፌት አስፈቱና ሦስት ማዕዘን ጨርቅ አስገቡበት። ጨርቁ ሌላ ቀለም ቢሆን እንዲያውም ያምራል። ርዝመቱን ስትለኩ ጫማችሁን አድርጉ፤ አለበለዚያ የደሴን ጭቃ ስትጠርጉ ታመሻላችሁ።

የጦሳ ተራራ ብርድ አይምርም፣ ጃኬት ያዙ። እህቶች፣ በሚኒ ከምትንቀጠቀጡ ከሥር ወፍራም ታይት ልበሱ። አፍሮ ለማሳደግ ጊዜው ያለፈብን መላጦች ኮፍያ ተፈቅዶልናል።