«ማታ 1» ብቻ ተጽፎ የሚሰጥ ኪኒን

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በሐዋሳ ከተማ በአንድ የግል መድኃኒት ቤት የምሠራ የመድኃኒት ባለሙያ ነኝ። ለአእምሮ ሕመም ሕክምና የተዘጋጁ መድኃኒቶች «የእንቅልፍ ኪኒን» እየተባሉ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፉ፣ ወሳጁም ምን እንደሚወስድ ሳያውቅ ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት ሲውጣቸው ስለማይ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

ብዙ ሰው ወደ እኛ የሚመጣው የሐኪም ማዘዣ ይዞ ሳይሆን የተጨማደደች የመድኃኒት ፖስታ ይዞ ነው። በፖስታዋ ላይ በእስክሪብቶ «ማታ 1» ተብሎ ተጽፏል፤ የመድኃኒቱ ስም፣ የሚሊግራሙ ልክ፣ እስከ መቼ እንደሚወሰድ የሚገልጽ ነገር ግን የለም። ውስጧ የቀረችውን ፍሬ ስናይ አብዛኛውን ጊዜ አሚትሪፕቲሊን ወይም ዳያዜፓም ናት፤ አልፎ አልፎም ክሎርፕሮማዚን ወይም ኦላንዛፒን ትሆናለች። የመጀመሪያው የድባቴ፣ ሁለተኛው የጭንቀትና የሚጥል ሕመም፣ ሁለቱ የመጨረሻዎቹ ደግሞ የከባድ አእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ናቸው። አሠራራቸውም ጉዳታቸውም የተለያየ ነው፤ በሕዝቡ ዘንድ ግን ሁሉም አንድ ስም አላቸው።

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ የአሚትሪፕቲሊን ጉዳይ ነው። ይህ መድኃኒት ከ10 እስከ 25 ሚሊግራም በሚሆን ትንሽ መጠን የሚያስተኛው በአንጎል ውስጥ ነቅተን እንድንቆይ የሚያደርገውን ሂስታሚን የተባለ ንጥረ ነገር ሥራ ስለሚያግድ ነው። ድባቴን ለማከም ግን መጠኑ ቀስ በቀስ አድጎ በአብዛኛው 75 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ መድረስ አለበት፤ ውጤቱም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ስለዚህ በድባቴ የተያዘች ሴት «እንቅልፍ አጣሁ» ብላ 25 ሚሊግራሟን ይዛ ስትመለስ እንቅልፉ ይመጣላታል፤ ተስፋ መቁረጡ፣ ልቅሶው፣ ከሰው መሸሹ ግን እንዳለ ይቀራል። ቤተሰብ ተኝታ ስላየ «ተሽሏታል» ይላል፤ ከዚያ በኋላ የሚጠይቃት የለም። ይኸው መድኃኒት በሚገባው መጠን ለሕመሟ ሲታዘዝላት ደግሞ «እኔ እብድ ነኝ እንዴ?» ብላ ትመልሰዋለች። በስውር ስንሰጠው የሚዋጥ፣ በግልጽ ስናዝዘው የሚያሳፍር ያደረግነው ስሙን በመደበቃችን ነው ብዬ አምናለሁ።

አንዲት ደንበኛ ለእናቷ «ያቺን የማታዋን» ልትገዛ መጥታ፣ እናቷ ሌሊት ወደ መጸዳጃ ቤት ሲሄዱ ወድቀው ዳሌያቸው መሰበሩን በጨዋታ መካከል ነገረችኝ። ፖስታው ውስጥ የነበረው ዳያዜፓም ነበር። ኪኒኑ ነው የጣላቸው ብዬ አልምልም። ነገር ግን የዳያዜፓም መጠን በደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ ከ20 እስከ 50 ሰዓት ይፈጃል፤ ጉበት የሚለውጠው ቅሪት ደግሞ ከዚያም በላይ ይቆያል፤ በአረጋውያን ሰውነት ውስጥም የዛሬው በትናንቱ ላይ ይደራረባል። አሚትሪፕቲሊንም ቢሆን ለአረጋውያን የሚመከር አይደለም፤ አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ የፕሮስቴት ችግር ያለባቸውን አባቶች ሽንት ይይዛል፣ አእምሮንም ያደናግራል። ይህን ሁሉ ለዚያች ልጅ የነገራት ሰው አልነበረም።

እንቅልፍ የሚነሣው ምክንያትም የሚጠየቅ አይመስልም። በ2008 ዓ.ም. ተመርቆ በተከፈተው የኢንዱስትሪ ፓርክ በፈረቃ የሚሠሩ፣ በአንዲት ክፍል ለሦስትና ለአራት ተከራይተው የሚኖሩ ወጣት ሴቶች የሚነሣቸው የሰዓቱ መለዋወጥና የቤቱ ጫጫታ ነው። ቀኑን ጫት ሲቅም ውሎ ምርቃናው አልለቅ ያለው ወጣት ደግሞ ችግሩ ከጫቱ የሚገኘው ካቲኖን የተባለው አነቃቂ ንጥረ ነገር ነው። እርሱም ጨብሲውን ጠጥቶ በላዩ ዳያዜፓም ሲጨምር ትንፋሹን አደጋ ላይ ይጥላል፤ ንጋት ላይ ባጃጁን አስነሥቶ ሲወጣም ድብታው ገና አልለቀቀውም። ሌሊቱን ሲያንኮራፋ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሰውም አለ፤ ለእርሱ ዳያዜፓም ሕመሙን የሚያባብስ ነው። ይበልጥ የሚያሰጋኝ ግን ለቀናት ሳይተኛ ቆይቶ ድካም የማይሰማው፣ ንግግሩ የበዛና ገንዘብ የሚበትን ሰው ነው፤ ይህ ስሜት ከልክ በላይ እየወጣና እየወረደ የሚፈራረቅበት የባይፖላር ሕመም መነሻ ሊሆን ይችላል። ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው የስሜት ማረጋጊያ ሳይሰጥ አሚትሪፕቲሊን ብቻ መስጠት ሕመሙን ሊያቀጣጥለው ይችላል።

እነዚህ መድኃኒቶች ለእንቅልፍ ፈጽሞ አይሰጡ ማለቴ አይደለም። ድባቴና እንቅልፍ ማጣት አብረው ሲመጡ፣ ወይም የስኳር ሕመም ያስከተለው የነርቭ ሕመም ሌሊቱን ሲነሣ፣ አሚትሪፕቲሊን በሐኪም ክትትል የብዙ ሰው ባለውለታ ነው። የሐኪሞቻችን ምርጫ ጠባብ መሆኑንም አውቃለሁ። ሆኖም የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 እንደ ኦላንዛፒን ያሉ መድኃኒቶች ለአዋቂዎች እንቅልፍ ማጣት እንደ መጀመሪያ ሕክምና በዘልማድ እንዳይታዘዙ አሳስቧል፤ ኦላንዛፒን ክብደትንና የደም ስኳርን እንደሚጨምር ስለሚታወቅ ምክሩ ለእኛም ይሠራል። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ ለቆየ እንቅልፍ ማጣት የመጀመሪያው ሕክምና ልማድንና አስተሳሰብን የሚያርመው የምክር ሕክምና እንዲሆን መክሯል። ቢተኙም ባይተኙም ሁልጊዜ ጠዋት በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ እንቅልፍ ካልመጣ አልጋ ላይ ከመገላበጥ ተነሥቶ መቆየት፣ አልጋ ላይ የሚያሳልፉትን ጊዜ ከሚተኙት ጋር ማመጣጠን የመሳሰሉት የዚህ ሕክምና ክፍሎች ናቸው። ይህን ለማስተማር የሥነ ልቦና ባለሙያ እስኪበዛልን መጠበቅ የለብንም፤ በጤና ጣቢያ ያለች ነርስ ሥልጠና አግኝታ ልታስተምረው ትችላለች።

በሕግ በኩል የጎደለ ነገር የለም። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 አለ፤ ዳያዜፓምም እ.ኤ.አ. በ1971 በወጣው በአእምሮ ላይ የሚሠሩ መድኃኒቶችን በሚመለከተው ዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ያለ፣ ልዩ የማዘዣ ወረቀት የሚጠይቅ መድኃኒት ነው። ጉድለቱ ያለው በእኛ ባንኮኒ ላይ ነው፤ ያለ ማዘዣ «ለዛሬ ብቻ» እያሉ የሚሸጡ የሙያ ባልደረቦቼ መኖራቸውን መካድ አልችልም።

ስለዚህ የሲዳማ ክልል ጤና ቢሮ በከተማችን የሚገኙ መድኃኒት ቤቶችና የጤና ተቋማት በሙሉ በእያንዳንዱ የመድኃኒት ፖስታ ላይ ስሙን፣ መጠኑን፣ የታዘዘበትን ምክንያትና የሚቆምበትን ቀን በአማርኛም ሆነ በሲዳምኛ እንዲጽፉ እንዲያደርግ፣ አፈጻጸሙንም እየዞረ እንዲያይ እጠይቃለሁ። ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይደለም፤ እስክሪብቶው በእጃችን ነው።

በመጨረሻም ይህን የሚያነቡ ወሳጆች ደንግጠው ኪኒናቸውን ዛሬ ማታ እንዳይጥሉት አደራ እላለሁ። ዳያዜፓምን ለረጅም ጊዜ ወስዶ በድንገት ማቋረጥ መንቀጥቀጥ፣ ከባድ ጭንቀት፣ አንዳንዴም የሚጥል ሕመም ያመጣል፤ መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ምክር፣ ሳምንታትን በሚወስድ እርምጃ ነው። ፖስታዋን ይዛችሁ ወደ ታዘዘላችሁ ሐኪም ወይም በአቅራቢያችሁ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ስሟን፣ ለምን እንደተሰጠችና እንዴት እንደምትቆም ጠይቁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የመድኃኒት ባለሙያ፣ ከሐዋሳ