የእጅን ሥራ በአፍ መናገር፦ የሥራ ዝግጅት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

የሥራ ዝግጅት ክበብ በ2017 ዓ.ም. ካከናወናቸው ተግባራት ሁሉ ሰፊውን ጊዜ የወሰደው፣ በግንቦት ወር በኮሌጃችን ቅጥር ግቢ ለተካሄደው የሥራ ቅጥርና የተግባር ልምምድ ዐውደ ርዕይ ሠልጣኞችን ማዘጋጀት ነበር። ደሴ ላይ ሆኖ ሥራ የሚያስብ ወጣት ዓይኑ አስቀድሞ የሚያርፈው ሐረጎን ወርዶ በሚያገኛት፣ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በምትርቀው ኮምቦልቻ ላይ ነው። ጨርቃ ጨርቁ፣ ቢራው፣ ብረታ ብረቱ፣ ከሐምሌ 2009 ዓ.ም. ወዲህም የኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚገኙት እዚያ ስለሆነ ዝግጅታችንም በአብዛኛው የፋብሪካ ቀጣሪዎችን ታሳቢ ያደረገ ነበር።

ሥራውን የጀመርነው ኅዳር ላይ ሲቪ በመሰብሰብ ነው። አባላቱ ያመጧቸውን ወረቀቶች ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ሳነብ የሁሉም ቃል አንድ ዓይነት ሆኖ አገኘሁት። ሠልጣኙ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት ሄዶ «ሲቪ ሥሩልኝ» ይላል፤ ጸሐፊዋም አንድ ፋይል ከፍታ ስሙን፣ የትውልድ ቦታውንና ስልኩን ትለውጥለታለች። በዚህ ዓይነት ብረታ ብረት የሠለጠነውም ልብስ ስፌት የሠለጠነችውም እኩል «ታታሪና ታማኝ፣ በቡድን መሥራት የምችል» ሆነው ይወጣሉ። በአንዱ ወረቀት ላይ እንዲያውም የቀድሞው ደንበኛ ስልክ ቁጥር ሳይቀየር ቀርቶ ነበር። ይህን ቀደም ብለን ማስተማር የነበረብን እኛ መምህራን ስለሆንን ጥፋቱን በሠልጣኞቹ ላይ ልጥለው አልችልም። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ማንም አባል የሠራውን በራሱ ቃል በአንድ ገጽ በእጁ ሳይጽፍ ወደ ጽሕፈት ቤት እንዳይሄድ ተስማማን።

ከጽሑፉ ይልቅ የከበደን ግን ንግግሩ ነው። በአካባቢያችን ልጅ በታላቁ ፊት ዓይኑን ሰበር አድርጎ፣ ሲጠየቅ ብቻ በአጭሩ እየመለሰ ያድጋል፤ ራስን ማሞገስም ነውር ነው። እኔም በዚሁ አስተዳደግ ያደግሁ ነኝና አከብረዋለሁ። ይሁን እንጂ ቀጣሪ «ምን ትችያለሽ?» ሲል «ያስተማሩንን ተምረናል» ብሎ መመለስ የልጅቷን ሙያ ይሸፍንባታል። ከኩታበር የመጣች አንዲት የልብስ ስፌት ሠልጣኝ «ቲቸር፣ ራሴን ላሞግስ ነው እንዴ?» ብላ የጠየቀችኝ ጥያቄ ለሳምንታት ሲያሳስበኝ ቆየ።

መፍትሔ ያገኘነው እያንዳንዱ አባል በገዛ እጁ የሠራውን ዕቃ ይዞ እንዲመጣና ስለ ራሱ ሳይሆን ስለ ዕቃው እንዲናገር ባደረግን ጊዜ ነው። ልጅቷ የሸሚዝ አንገትጌ አመጣች። ቅርጹን እንዲይዝ በውስጡ ምን እንደገባ፣ ጫፉ ተስተካክሎ እንዲገለበጥ ትርፉ ጨርቅ የት ላይ እንደሚቆረጥ፣ እርሷም ሁለት ጊዜ ፈትታ እንደገና እንደሰፋችው ስታስረዳ አንገቷ ቀና፣ ድምፅዋም ከፍ አለ። የብረታ ብረት ሠልጣኙ ደግሞ የመስኮት ፍሬም ይዞ መጥቶ፣ ብየዳው ብረቱን እንዳያጣምመው መጀመሪያ ማዕዘኖቹን በነጥብ ብቻ እንደሚያያይዝ፣ ከዚያም ሁለቱን ሰያፎች ለክቶ እኩል መሆናቸውን ሳያረጋግጥ ብየዳውን እንደማይጨርስ አሳየን። ሁለቱም አንዲት የሙገሳ ቃል ሳያወጡ ሙያቸው ታየ።

የካቲት ላይ ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ስለገቡ የከሰዓቱን ልምምድ ወደ ጠዋት አዛወርነው።

በመጋቢት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን አንብበን ተወያየን። የሙከራ ጊዜ በጽሑፍ መደረግ እንዳለበትና ከ60 የሥራ ቀናት እንደማይበልጥ፣ መደበኛው የሥራ ሰዓትም በቀን ከ8፣ በሳምንት ከ48 ሰዓት እንደማይበልጥ ብዙዎቹ አያውቁም ነበር። ለግሉ ዘርፍ በቁጥር የተወሰነ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ፣ ደመወዙ ስንት እንደሆነ፣ ሰርቪስና ምሳ መኖር አለመኖሩን በትሕትና መጠየቅ እንደ ድፍረት መቆጠር የለበትም። ኮምቦልቻ ቤት ተከራይቶ ለሚኖር ጀማሪ ሠራተኛ የወሩ ሒሳብ የሚወሰነው በእነዚሁ ነው።

በዐውደ ርዕዩ ዕለት አባሎቻችን ዕቃዎቻቸውን ይዘው ቀረቡ። ሁሉም እንዳሰብነው አልሆነም። አንድ ቀጣሪ በሥራው ወዶት የመረጠው ልጅ ተያዥ እንዲያቀርብ ተጠይቆ፣ ከገጠር የመጣ ስለሆነ በከተማው ደመወዝተኛ ዘመድ ባለማግኘቱ ዕድሉ አልፎታል። ይህን ስጽፍ አሁንም ያሳዝነኛል። ተያዥ የመፈለጉን ጉዳይ ከቅጥሩ ሰሞን ሳይሆን ከመስከረም ጀምሮ ከወላጆችና ከዘመድ ጋር መነጋገር እንደሚገባ አላሰብንበትም ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት የክበቡ የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ይሆናል።

ባለ አንገትጌዋ ሠልጣኝ ግን በአንድ የልብስ ፋብሪካ ለተግባር ልምምድ ተቀባይነት አግኝታ ሐምሌ ላይ ትጀምራለች። ቃለ መጠይቁን ያደረጉላት ሰው አንገትጌውን ገልብጠው የውስጡን ስፌት ካዩ በኋላ የጠየቋት ነገር ቢኖር ሁለት ጊዜ የፈታችው ለምን እንደሆነ ብቻ ነበር። በየቀኑ የምትሠራውን የምታሰፍርበት የልምምድ መዝገብ ከክበቡ የተሰጣት ሲሆን፣ መስከረም ላይ ይዛው መጥታ ለአዲሶቹ አባላት ልታነብላቸው ቃል ገብታልናለች።