ስማችንን በፊደል ቁጠሩልን

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ደሴ ውስጥ ፕሮግራሚንግ የማስተምር መምህርት ነኝ። ስለ ዲጂታል አገልግሎት ብዙ ይጻፋል። አንድ ነገር ግን ሁሌም ይዘለላል። ብዙ ሶፍትዌሮቻችን የአማርኛ ስም ይሰብራሉ።

በቅርቡ አንድ ተማሪዬ ከአንድ መሥሪያ ቤት መታወቂያ አውጥቶ አሳየኝ። የራሱ ስም ሙሉ ነው። ከአባቱ ስም የመጀመሪያው ፊደል ብቻ መውጣት ነበረበት። በፊደሉ ቦታ የታተመው የጥያቄ ምልክት ነው። ሲጠይቃቸው "ሲስተሙ አማርኛ አይችልም" ብለው መለሱት።

ይቺ መልስ ታናድደኛለች። ሲስተሙማ ይችላል! ፊደላችን ዩኒኮድ (ለዓለም ፊደላት የኮድ ቁጥር የሚሰጠው ደረጃ) ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ችግሩ አቆጣጠሩ ላይ ነው፤ ፕሮግራሙ በፊደል ፈንታ በባይት፣ ማለትም በኮምፒውተር የማስቀመጫ መለኪያ፣ ይቆጥራል። ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል 1 ባይት ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል 3 ባይት ይይዛል። "ከበደ" 3 ፊደል፣ 9 ባይት ነው። ፒኤችፒ የሚባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሰብስትር በሚባለው ጽሑፍ ቆራጭ ትእዛዝ "የመጀመሪያውን አምጣ" ካላችሁት የሚያመጣው የ"ከ"ን ሲሶ ነው። ሲሶ ፊደል ደግሞ አይነበብም። ጎ (Go) በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ዜሮኛውን፣ ማለትም የመጀመሪያውን (ፕሮግራም ከዜሮ ይቆጥራልና)፣ ብትጠይቁ 225 የሚል የባይት ቁጥር ታገኛላችሁ። "አልማዝ" ብላችሁ ብትሞክሩም ያው 225 ነው፤ የአማርኛ ፊደላት ሁሉ የመጀመሪያ ባይታቸው አንድ ነውና። ስሞችን በዚህ መንገድ በመነሻ ፊደል የሚመድብ ፕሮግራም አገሩን ሁሉ አንድ ሣጥን ውስጥ ይከታል።

ማስተካከያው የአንድ መስመር ሥራ ነው። ፒኤችፒ ላይ ሰብስትርን በፊደል በሚቆጥረው በኤምቢ ሰብስትር መተካት፣ ጎ ላይ ስትሪንጉን (ጽሑፉን) አስቀድሞ ወደ ሩን፣ ማለትም ወደ ፊደል ኮዶች፣ መቀየር። ፓይተን 3 የሚባለው ቋንቋ ከመነሻው በፊደል ይቆጥራል። እንዲያውም እኛ እድለኞች ነን። በሂንዲ "ኪ" ሲጻፍ ተነባቢውና አናባቢው የየራሳቸው ኮድ አላቸው። የእኛ "ኪ" አንድ ኮድ ናት፣ በቃ።

ጉራጊኛ ጸሐፊዎች ግን ሌላም ጣጣ አለባቸው። በ2021 እ.ኤ.አ. ለቋንቋቸው የተጨመሩት ፊደላት ጃቫስክሪፕት በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ላይ ሁለት ሁለት ቦታ ይይዛሉ። በቻርአት፣ ማለትም አንድ ቦታ ብቻ በሚያነበው ትእዛዝ፣ የጠራቸው ሰው ግማሻቸውን ነው የሚያገኘው።

እኛ መምህራን ስትሪንግ ስናስተምር "ሄሎ" ብቻ ጽፈን አንለፍ። ተማሪው የእናቱን ስም በአማርኛ ይጻፍና ዜሮኛውን ፊደል ያውጣ። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም ሶፍትዌር ስትረከቡ "ወልደገብርኤል" ብላችሁ ሞክሩት። የስም ቦታው 20 ባይት ከሆነ ስድስት ፊደል ይዞ ሰባተኛው ላይ ይሰበራል። ይህን በዓይናችሁ ሳታዩ ርክክቡ ላይ አትፈርሙ።

የፕሮግራሚንግ መምህርት፣ ደሴ